ለተስፋዬ የተተከለው ድንኳን

ወገኖቼ! እስቲ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ዛሬ ጠዋት ቤቴ ለቅሶ ተቀመጡብኝ።

ሟቹን አላውቀውም!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። አዲስ ለመጣችሁ፦ እኔ መካነ ሰላም ከተማ ባዮሎጂ የማስተምር የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ ፔጅ ላይ ትልቅ ነገር አልጽፍም። ያረረ ሽሮ፣ ጭቃ የበላው ጫማ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የምናደደው ንዴት፣ ደሴ ብቻዋን የምትኖረው እናቴ ስትናፍቀኝ... ይኸው ነው። እናንተም ከያላችሁበት "አይዞሽ ሲስ" ትሉኛላችሁ። የአብዛኞቻችሁን ፊት አላውቀውም፤ ግን ስንት ክፉ ቀን አሻግራችሁኛል።

ትናንትም ያንን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የዝውውሬን ነገር ልጠይቅ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውየው ቀና ሳይል "ዘንድሮም የለም" አለኝ። በቃ! ወደ እናቴ የምጠጋበት መንገድ በሁለት ቃል ተዘጋ። ቤቴ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ወጣሁና እንዲህ ብዬ ፖስት አደረግኩ፦

"የቀረኝ አንድ ተስፋዬ ነበር። ዛሬ እሱም ሞተ። ከእንግዲህ ያለ እሱ እዚህ ከተማ እንዴት እኖራለሁ?"

ቆንጆ አይደለም? እኔማ ኮርቼበት ነበር!

ከዚያ ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ።

ጠዋት ጉሙ ገና ሳይነሳ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት አከራዬ እትዬ ዘሀራ ቆመዋል። ከጎናቸው የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ አበጋዝ አሉ (ቅሬ ማለት አዲስ አበቤዎች ዕድር የምትሉት ነው)። ከኋላቸው ደግሞ የማዶው ባለሱቅ ሰይድ።

እስቲ ፍረዱ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ ሰው ደጃችሁ ሲመጣ ምን ማለት ነው?

መርዶ ነው።

ያለችኝ አንድ እናት፤ እሷም ብቻዋን! የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ አልኩና "እማዬን!" ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ የኔን ጩኸት ሲጠብቁ ኖሯል። "ወይ ተስፋዬን! ወይ ተስፋዬን!" ብለው ተቀበሉኝ።

እኔ "እማዬን!"

እነሱ "ተስፋዬን!"

ትንሽ እንደዚሁ ተቀባበልን።

እትዬ ዘሀራ ትከሻዬን ያዙኝ። "አብሽሪ ልጄ! እናትሽማ ምን ሆኑና? ተስፋዬ ነው እንጂ የሞተብሽ!"

"የትኛው ተስፋዬ?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ያንቺው ተስፋዬ ነዋ!"

"እኔ ተስፋዬ የሚባል ሰው የለኝም!"

ጋሽ አበጋዝ ቀስ ብለው ወደ ሰይድ ዞሩ። ሰይድ ስልኩን አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ያንን የኔን ፖስት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው! ኢሞጂውን እንኳ አልዘለለም። "እዚህ ጋ የተሰበረ ልብ አለ" አለ በሐዘን። "ቀጥሎ ሁለት የሚያለቅሱ ፊቶች።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

"ስም አይደለም!" አልኩ። "ተስፋ ነው! የኔ ተስፋ! የዝውውር ተስፋ!"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ በስንት ጣዕሙ!

ጋሽ አበጋዝ ብዙ አሰቡና "እንግዲህ ሰው ካልሞተ" አሉ፣ "ድንኳኑን ምን እናድርገው?"

አዎ፣ ድንኳን። ከአጥሩ ውጭ ግማሹ ተተክሏል።

ያኔ ከኋላ አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ግቢው ሁሉ ተከተላት። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቁም። አጠገቤ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉኝ። "ሰይድ ነው በየቀኑ የሚያነብልኝ።"

በየቀኑ!!

ሰይድ እኮ አንድ ቀን ላይክ አድርጎኝ አያውቅም! ኮመንት የለ፣ ምን የለ! እኔ ለሩቅ ሰው የማወራ መስሎኝ፣ ለካ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ስደመጥ ነው የኖርኩት።

"ስለ አውራ ዶሮዬ የጻፍሽውንም ሰምቻለሁ።"

(ምን እንደጻፍኩ ታስታውሳላችሁ። ዝም በሉ።)

"አልተቀየምኩም፤ እውነትሽን ነው፣ ይጮሃል። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። አለቀስኩ ብለሽ ስትጽፊ እሰማለሁ። አንቺ ሳትነግሪኝ ግን ምን ብዬ ልግባ? ዛሬ ሰው ሞተባት ሲሉኝ፣ ወላሂ፣ አዘንኩ፤ ደግሞም በሯን የማንኳኳበት ምክንያት አገኘሁ አልኩ።"

ሁልጊዜ በር ላይ "እንዴት አደርሽ?" ሲሉኝ "ደህና" ብዬ ነው የማልፈው። እንዴት እንዳደርኩ የምጽፈው ለናንተ ነበራ!

"አሁን ለናትሽ ደውይ" አሉኝ። "ሞቱ ብለሽ ክው ብለሽ ነበር እኮ። ድምፃቸውን ስሚ።"

ደወልኩ። እማዬ "ሃሎ" ስትል ልቅሶዬ ቀደመኝ። እትዬ ዘሀራ ስልኩን ወስደው ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ በሰይድ አስደረጉት። ከእናቴ ጋር ተያይተው አያውቁም፤ ግን ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደሴ ገበያ ሲጠያየቁ አብረው ያደጉ ይመስላሉ! ከዚያ በቀጥታ፦

"እህቴ፣ ልጅዎ በናፍቆት አለቀች። እሷ ወደርስዎ መምጣት ካቃታት፣ እርስዎ ለምን አይመጡም? ከጎኗ ያለው ክፍል ባዶ ነው።"

በእጄ "ተዉ፣ ተዉ" አልኳቸው። እማዬ ደሴን አትለቅም! ቤቷን፣ ደብሯን፣ ጎረቤቶቿን ጥላ እዚህ ብርድ ውስጥ ልትገባ? ይሄ እኮ አይጠየቅም!

"ነይ ሳትለኝ?" አለች እማዬ።

የግቢው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ሁልጊዜ 'ልዛወር ነው፣ ልመጣ ነው' ትለኛለች። ነይ ብላኝ ግን አታውቅም። እንዳላስቸግራት ብዬ ዝም አልኩ።"

ተመልከቱልኝ። እናቴ እንደናፈቀችኝ በፎቶ ነግሬያችኋለሁ። በግጥም ነግሬያችኋለሁ። መስኮት ላይ በሚወርድ ዝናብ ቪዲዮ ነግሬያችኋለሁ። ሁላችሁም ላይክ አድርጋችኋል።

እናቴ ፌስቡክ የላትም።

ስልኩን ተቀበልኩ። "እማዬ፣ ነይ" አልኳት። ይቺን ለማለት ምን ያህል እንደከበደኝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። "ጋቢ ይዘሽ ነይ፤ መንገዱ ከአቀስታ ጀምሮ ይበርዳል።"

"ጋቢማ አለኝ" አለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

ለለቅሶው የመጣው እዝን አልተመለሰም። እንጀራውንና ምስር ወጡን እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ በላነው። ጋሽ አበጋዝ ሲወጡ "ለወደፊቱ" ብለው መከሩኝ፣ "የሟች ስም ስትጽፊ የአባቱንም ጨምሪ።"

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ባዶውን ክፍል እየጠረግኩ ነው። እትዬ ዘሀራ ከበሩ ላይ ሆነው "ጥጉን ዘለልሽው" ይሉኛል። ቀጥለውም "ምን እየጻፍሽ ነው? ለኔም ንገሪኝ እንጂ!" አሉኝ። ነገርኳቸው።

እናንተ ግን እስቲ እውነቱን ተናገሩ። የናፈቃችሁት ሰው እንደናፈቃችሁት ያውቃል? ወይስ እንደኔ ከእሱ በቀር ለአገር ሁሉ ነግራችኋል?