መሪጌታ የተማሩት የእንግሊዝኛ ቃል

ትርጉሙን በማያውቀው ቃል ሰው የሚያስፈራራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ዘመን ቢቸና እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ካድሬ ገጥሞኛል። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ ወደ አዲሱ የመንደር ምስረታ ቦታ እንዲገባ ሊያዝዝ ከሞጣ መጣ። ሕዝቡ ሲሰበሰብ እኔንም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ አስጠሩኝ።

«እዚህ መካከል ኦፖዚሽን አለ፤ እንመነጥረዋለን» አለ ካድሬው።

አጠገቤ የተቀመጡት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ይባቤ ቃል ሲያመልጣቸው አይወዱም።

«ልጄ፣ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

ካድሬውን አየሁት። እሱም መልሴን የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ማለት ነው» አልኳቸው፤ ተቃዋሚ ማለት ነው ለማለት ፈራሁ።

መሪጌታ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በርጩማቸውን አንስተው ሄዱና ጉልበታቸው የካድሬውን ጉልበት ሊነካ እስኪደርስ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እንግዲያው የምትፈልገው ሰው እኔ ነኝ። ቤቴን አላፈርስም» አሉት።

ማን ይከተላቸዋል ትላላችሁ? ገበሬው አንድ በአንድ እየተነሣ ከኋላቸው ተቀመጠ። እኔም የማስተምረውን ቃል መፍራቴ አሳፍሮኝ ደብተሬን አጥፌ ተከተልኩ።

መሪጌታንና እኔን ሞጣ ወስደው ሦስት ሳምንት አሰሩን። በዚያ ክረምት ግን ቤቱን ያፈረሰ ሰው አልነበረም። ተፈትተን ወደ ቢቸና ስንመለስ፣ «ከፈለጉ ‹እሺ› በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ላስተምርዎት» አልኳቸው።

«ለሷ እንኳ አትድከም፤ በአማርኛውም አልለመድኳት» አሉኝ።