የጀርሙ ዘመዶች

ሰላምታ ሳይጨርስ ዘር የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የከሚሴው ጎረቤቴ አያ ሰይድ ባቲ ገበያ ግመል ሲገዙ እንኳ የግመሉን አያት ይጠይቃሉ። የሚያስለው ዘመድ ካገኙ ደግሞ ከራሳቸው ሕመም የተረፈ ካፕሱል ከኪሳቸው አውጥተው ያድላሉ። ደግነት አይደል?

ምራታቸው ስታረግዝ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። እዚያ ከነፍሰ ጡሮች ናሙና የምትወስድ አንዲት ተመራማሪ፣ «አራስ ሕፃን የሚጎዳውን ጀርም ዘር እናጠናለን፤ ክትባት እንዲሠራለት፣ ተላምዶት የማይሞትበትን መድኃኒትም እንድናውቅ» አለች።

የአያ ሰይድ ፊት በራ። «ማሻአላህ! ጎሳው ምንድን ነው? መድኃኒቱንስ ማን አስለመደው?»

«ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካፕሱል የሚያድል ሰው ነዋ፣ አባቴ።»

ምራታቸው ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «እንግዲያማ ጀርሙ ዘመዳችን ነው፣ አባ!» አለች።

ዘመድ ክደው የማያውቁት አያ ሰይድ፣ «ወላሂ አላውቀውም!» አሉ፤ እጃቸው ግን ኪሳቸውን ጥብቅ አድርጎ ይዟል።