የዘንጉና የመጠቅለያዋ ጋብቻ

ውሃው ሳይመጣ የዓሣ ባለሙያ መሾም አርቆ ማሰብ ነው። በቆቦ ቆላ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ፈጽሞታል። የተሾመው እንዳለው የሚባል ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ የንብ ባለሙያ ነበር፤ ንብም ዓሣም አቤቱታ ስለማያቀርቡ ዝውውሩ አግባብ ነው ተባለ።

ዘንድሮ በዋጃ መንገድ የመስኖ ኩሬ ተቆፈረ። ጎርፍ ሞላው፤ ጎርፉ ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ አምባዛ ዓሣም ገባበት። ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅትም ሁለት የማጥመጃ ዘንግና ሁለት የክር መጠቅለያ ደረሰ፤ ቀጭን ዘንግ ከትንሽ መጠቅለያ፣ ወፍራም ዘንግ ከትልቅ መጠቅለያ። አብሮ የመጣው ወረቀት፣ «ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣጠኑ ዘንግና መጠቅለያ ይምረጥ» ይላል።

ኃላፊው አቶ ግርማይ እንዳለውን አስጠሩት።

«ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። ዓሣ ካልወጣ ክፍልህ ይዘጋል። አንተም የማዳበሪያ መጋዘን ትጠብቃለህ።»

እንዳለው ቀጭኑን ከትንሿ ሊያጋጥም እጁን ሰደደና መለሰው። ስለ መመጣጠን የሚያውቅ ሽማግሌ እያለ ባለሙያ ምን አገባው? በራያ ስንቱን ትዳር የገጠሙት አያ አራጌና ሼህ ዘይኑዲን ተጠሩ።

አያ አራጌ ቀጭኑን ዘንግ እንደ ዱላ በመዳፋቸው መዘኑት።

«ቁመናው ደህና ነው። ግን በዚህ ፍየልም አትመልስበት።»

«ለመምታት አይደለም፣ አያ። ክሩ ጫፍ ላይ ዓሣ ማታለያ፣ መንጠቆ ያለው ከላባ የተሠራ ዝንብ ይታሰራል።»

«ዝንቡ ከየት መጣ?»

«ከውጭ አገር።»

«ቆቦ ገበያ መቼ ዝንብ ጠፋና!»

ሼህ ዘይኑዲን መነጽራቸውን አደረጉ። «ቢስሚላህ። ቀልዱን ተወውና ዘራቸው ይጣራ። ይህ ምልክት ምንድነው? በዘንጉም አለ፣ በመጠቅለያዋም አለ።»

«የፋብሪካው ነው፣ ሼህ። ሁለቱንም የሠራቸው አንድ ፋብሪካ ነው።»

«አስተግፊሩላህ!»

አያ አራጌ ዘንጉን ጣሉት። «ሰባት ቤት ልንቆጥር መጥተን አንድ ቤት ሳንሻገር! አንተ ልጅ፣ ወንድምና እኅት ልታጋባን ነው?»

ወፍራሙና ትልቋም በሌላ ምልክት ወንድምና እኅት ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ቀጭኑ ዘንግ ትልቋን መጠቅለያ አገባ። የመጠቅለያዋ እግር በዘንጉ ላይ ካለው መቀመጫ አልገባ ስላለ በግመል መጫኛ ገመድ ታሰረች።

«ትነቃነቃለች፣ አያ» አለ እንዳለው።

«ሙሽራ ናት። ትለምዳለች።»

ቅዳሜ እንግዶቹ በኩሬው ዳር ተሰለፉ። አቶ ግርማይ፣ «ዛሬ ዓሣችን ከውሃ ወደ ልማት ይሸጋገራል!» ብለው አስጨበጨቡ። እንዳለው ወረወረ። ዝንቡ የኃላፊውን ባርኔጣ ይዞ ኩሬ ገባ። ደግሞ ወረወረ። ገመዱ ተፈታ፤ መጠቅለያዋ ባርኔጣውን ተከትላ ሰጠመች።

«ፈታችው» አሉ አያ አራጌ፣ በሐዘን።

በዚህ መካከል የጽሕፈት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አሚና ለእንግዶቹ መታጠቢያ ውሃ ልትቀዳ ባልዲዋን ነከረች። ስታወጣው አንድ አምባዛ ውስጡ ይንፈራገጣል።

«ኧረ ጉድ! ይሄ ጢም ያለው ምንድነው?»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። የእንዳለው ነፍስ መለስ አለች።

«ዓሣ ወጣ፣ አቶ ግርማይ!»

«መውጣቱን አይቻለሁ። በምን እንደወጣ ይጣራ።»

ሽማግሌዎቹ ባልዲውን ገለበጡት። ከሥሩ ምልክት አለ። እጀታውን አዩ፤ ያው ምልክት። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ «ባልዲውና እጀታው ከአንድ አባት መሆናቸው ስለተረጋገጠ ዓሣው በነውር የተገኘ ነው። ወደ ኩሬው ይመለስ። ባልዲውም ከእጀታው ይለያይ።»

አሚና ያን ቀን ውሃውን እጀታ በሌለው ባልዲ አቅፋ ተሸከመች።

ሰኞ እንዳለው የማዳበሪያ መጋዘኑን ተረከበ። በሩን ሊዘጋ ሲል ቁልፉን አየ፤ ጓጉንቸሩን አየ። አንድ ምልክት ነው። ዞር ብሎ መንገዱን ቃኘ፤ አያ አራጌ በሩቁ ዱላቸውን ተመርኩዘው ይመጣሉ።

ምልክቱን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ቶሎ ቆለፈ።