የማሽላ ፊደል

ነፃ ነገር ሲባል እናንተ ምን ትዝ እንደሚላችሁ አላውቅም። እኔ እንቅልፌ ይመጣል። የቆቦ ከሰዓት፣ ጣሪያው ላይ የሚንቀረፈፍ ማራገቢያ፣ አንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት፣ ከፊቴ ደግሞ ልከፈት ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያመነታ ገጽ። «በነፃ ይውሰዱ» ይላል። እጄን ስዘረጋ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። እስኪመለስ ድረስ «ዋጃ! አላማጣ!» የሚለው የሚኒባስ ረዳት ድምፅ በሩን አልፎ ሲርቅ እየሰማሁ በቁሜ አልማለሁ። የሆነ አገር ያለ፣ ስሙን እንኳ ያልጻፈ ሰው፣ አይቷቸው ለማያውቃቸው ልጆች ፊደል አዘጋጅቶ ውሰዱ ብሎ መተዉን ሳስብ ሆዴ ይባባል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው መኖሩን ለማመን እኮ ትንሽ ማሸለብ ያስፈልጋል።

የምፈልገው ብሬል፣ የዓይነ ስውራንን ፊደል ነበር። የምፈልገውም ለሀዋ ነው። ሀዋ አንደኛ ክፍል የማስተምራት ዓይነ ስውር ልጅ ናት፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ያልኩትን ሁሉ ትይዛለች፤ ጓደኞቿ ደብተር ሲከፍቱ ግን እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች። አንድ ቀን አባቷ ጋሽ ሰይድ ግቢው ድረስ መጡና፣ «ቲቸር፣ ለመስማቱማ እቤቷም ትሰማለች። እስከ ክረምት ማንበብ ካልጀመረች ትቅርና እናቷን ታግዝ» አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ደስ ባለኝ፤ ተሟግቼ እረታቸው ነበር። ያናደደኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

እኔስ ምን አውቄ! አንድ ክረምት የልዩ ፍላጎት ሥልጠና ወስጄ ነበር። ከሥልጠናው የቀረልኝ የብሬል ፊደል በስድስት ነጥቦች መሠራቱና ምሳው ጥሩ መሆኑ ነው። የመጻፊያ መሣሪያ ጠይቀን «ይመጣል» ተብለናል። ይመጣል የተባለ ነገር እንዴት እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ታዲያ ከብዙ የፈረንጅ ብሬል በኋላ የአማርኛው ሲከፈትልኝ ምን ያህል እንደተደሰትኩ አትጠይቁኝ። ሳላመነታ አሳተምኩት። ነጥቦቹ ክብ፣ ጥቁር፣ ጥርት ያሉ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ርዕሰ መምህራችን መነጽራቸውን አድርገው መረመሩትና «ሥራ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ተሰብስበን ወደ ሀዋ ሄድን። ጣቷን ይዤ ገጹ ላይ አሳረፍኩት። ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ገልብጣ ጀርባውንም ዳበሰችው።

«ቲቸር፣ ገና አልጻፉበትም?» አለችኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለዓይነ ስውር የተዘጋጀ፣ ጣት የሚይዘው ጉብታ የሌለው፣ ዓይን ያለው ብቻ የሚያየው ፊደል ይዤ ቆምኩ። ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ሥራ ትዝ አላቸው።

አመሻሽ ላይ ወረቀቱን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው የጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ልጅቷን ከማስቀረታቸው በፊት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡኝ ልለምናቸው ነበር። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ ሜዳው በሙቀት ይርገበገባል፤ የዞብል ተራራ ከወዲያ ማዶ ያለ አይመስልም፣ የታሰበ እንጂ። ደጃፋቸው ላይ የተሰጣ ማሽላ አጠገብ ተቀመጥኩና እህሉን ስዘግን ቆየሁ። እጄን ሳነሳ ላቤ ላይ ጥቂት ፍሬ ተጣብቋል። በሌላው እጄ ጣት ዳበስኩት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሙጫ ይኖርዎታል?»

«ለምን?»

«እነዚህ ነጥቦች ላይ ማሽላ ልንለጥፍ ነው።»

ያበድኩ መስሏቸው ሀዋን አዩዋት። ሀዋ ግን ፈገግ ብላለች። እሳቸውም የግራር ሙጫ በጣሳ በጥብጠው አመጡ። እኔ ፊደሉን እጠራለሁ፤ እሳቸው በዚያ ሞፈር በለመደ ጣታቸው እያንዳንዷን ፍሬ ነጥቧ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሀዋም ጣቷን አስከትላ ስሙን ትይዛለች። በማግስቱ ጠዋት እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አስጥተውት ወደ ማሳቸው ሄዱ። ሲመለሱ ዶሮዎቹ ፊደል ቆጥረዋል። ከ«ሀ» ጀምረው እስከ «መ» ድረስ አንድም አልቀራቸውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ዱላ አነሱ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ ቀጥሎ እንደገና ለጠፉ። ደግነቱ ፍሬው ቢበላም ጥቁሩ ነጥብ ቦታውን ያሳያል። ዶሮ ቢባረር ድንቢጥ ይመጣል፤ ድንቢጥ ቢጠፋ ሙጫው ይለቃል፤ እሳቸውም በወጡ በገቡ ቁጥር ይጠግናሉ። ሲጠግኑ ሀዋ አጠገባቸው ተቀምጣ በጣቷ ትዳብስና «ይሄ ለ ነው፤ አንድ ፍሬ ይጎድለዋል» ትላቸዋለች። እኔ አልፎ አልፎ ብቅ ስል የማገኛቸው እንዲህ አቀርቅረው ነው። ማን ተማሪ ማን አስተማሪ እንደሆነ መጠየቅ ትቼ እመለሳለሁ።

ሰኔ ደረሰ። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ቀን በሩን እያየሁ ዋልኩ፤ ሀዋ ማንበብ መጀመሯን ባውቅም የአባቷን ልብ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ እጇን ይዘው መጡ። ሰላምታ ሰጡኝና ወደ ጠረጴዛው አለፉ። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡንና የጣት አሻራ ቀለሙን አቀረቡላቸው። ጋሽ ሰይድ ቀለሙን ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ጠየቁ። ጎንበስ አሉና ወረቀቱን ሊበሱት እስኪደርሱ እየተጫኑ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ቀስ ብለው ጻፉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ስሜ ነዋ።»

ሀዋ እጇን ሰዳ ገጹን ገለጠችና ጀርባውን ዳበሰች። ጣቷ አንድ ጊዜ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

«አባዬ፣ ከዚህ በኩል እኮ ተገልብጧል!»

«ተገልብጦም ቢሆን አነበብሽው» አሉና ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ግን መዝገቡን ወዲህም ወዲያም አዙረው ቢያዩት የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻሉ፣ «እባክዎ ለኔ ሲሉ በአውራ ጣትዎ ይፈርሙልኝ» ብለው ለመኗቸው።