የጋሽ ሙላት የሚከራይ ቤት

አሮጌ ቤቱን አድሶ ካከራየ በኋላ ከቤቱ መለየት ያቃተው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ፍኖተ ሰላም ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ ሙላት ሊፈርስ የደረሰውን የአባታቸውን የጭቃ ቤት በገዛ እጃቸው መርገው፣ ቆርቆሮውን ቀይረው በርካሽ አከራዩኝ። ታዲያ በየማለዳው እየመጡ ግድግዳውን ይዳብሳሉ። ከዚያ በኋላ ነው እኔን «እንዴት አደርሽ?» የሚሉኝ።

አንድ ቀን የእናቴን ፎቶ ልሰቅል ምስማር ስመታ ምርጊቱ ተፈረፈረ፤ ፎቶውም ተጣሞ ተንጠለጠለ። ጋሽ ሙላት አይተው፣ የተፈረፈረውን ዳብሰው ወጡ። በዚህ ዋጋ ሌላ ቤት ከየት አገኛለሁ? ሊያስወጡኝ ነው ብዬ በሐዘን ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጭቃና መዶሻ ይዘው ተመለሱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እናት እንዲህ ተጣማ ትሰቀላለች?» አሉና ቀዳዳውን ደፍነው፣ ፎቶውን ራሳቸው አቃንተው ሰቀሉት። ቀጥለው ጥጉን በክንዳቸው ለኩ።

«እዚህ ጋ መደብ እሠራለሁ» አሉ። «እናትሽ ሊጠይቁሽ ሲመጡ የት ሊያርፉ ነው?»