ሳይከስል የተከፈተ ቤት

[እንጅባራ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። ከሰል አክሳዩ ክንዴ የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በማዳበሪያና በጭቃ ይደፍናል። መሀል ላይ ከሰል የሞላበት ምድጃ ፍም ሆኗል። ጎረቤቱ እንየው ጭቃ ያቀብላል።]

እንየው፦ ኧረ መስኮቱን እንኳ ተወው!

ክንዴ፦ ዝም ብለህ ጭቃ አቀብል! ስሜነሽ የወለደችልኝን ልጅ ይዛ ዛሬ ከሆስፒታል ትገባለች። በዚህ ውርጭ ልጄን ብርድ ይምታብኝ?

እንየው፦ አየርስ በየት ይግባ?

ክንዴ፦ ምን ሊሠራ? አየር ማለት እኮ ብርድ ነው!

እንየው፦ እኔ ምን አውቄ።

ክንዴ፦ አታውቅማ! ይህን ሁሉ ዘመን የዲከረንስ ዛፍ እየቆረጥን አብረን ስናከስል ምንም አልገባህም። ክምሩን አፈር አልብሰህ ድፍን ካላደረግኸው ምን ይሆናል?

እንየው፦ አመድ።

ክንዴ፦ ድፍን ካደረግኸውስ?

እንየው፦ እንጃ፣ እኔ ጠብቄ አላውቅም።

ክንዴ፦ [እየሳቀ] ሆድህ አይችልማ! ሳይከስል ትከፍተዋለህ። ጥሊሊ ገበያ ያንተን ከሰል የገዛች ሴት በጭሱ ስታለቅስ ነው የምትውል!

እንየው፦ ምን ላድርግ? ውስጡን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

[ክንዴ በሩን ዘግቶ ሥሩን በማዳበሪያ ይወትፋል። ምድጃው ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጥቂት ይቆያሉ።]

ክንዴ፦ እሰይ! ሞቀ አይደል?

እንየው፦ ሞቀ። ራሴን ግን ፍልጥ አደረገኝ።

ክንዴ፦ ሙቀት ስላልለመድህ ነው።

እንየው፦ አንተስ ግንባርህን ለምን ያዝህ?

ክንዴ፦ እያሰብሁ ነዋ!

እንየው፦ ክንዴ፣ እንጨት እንዲህ ታፍኖ ከሰል ሆኖ ይወጣል አይደል?

ክንዴ፦ እንዴታ!

እንየው፦ እኛስ ምን ሆነን ልንወጣ ነው?

ክንዴ፦ ኧረ ዝም... በል... [ሊነሳ ይልና ተንገዳግዶ ይዘረጋል]

እንየው፦ ክንዴ! ኧረ እኔስ አልቻልሁም፣ ልክፈተው!

ክንዴ፦ እንዳትከፍት! ገና... አልሞቀም...

[እንየው በሩን በርግዶ ክንዴን በብብቱ ይዞ ወደ ደጅ ይጎትተዋል። ክንዴ ሣሩ ላይ ያስመልሰዋል። ቆይቶ ቀና ይላል።]

ክንዴ፦ እንየው... ሞቼ ነበር እኮ።

እንየው፦ እስከ ግማሽ ድረስ።

ክንዴ፦ ልጄን እኮ እዚያ ላስተኛት ነበር! ወይኔ! [ተነስቶ የመስኮቱን ማዳበሪያ ይቦጫጭቃል] ምድጃውን አውጣልኝ፣ ደጅ ይደር! ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌያት አድራለሁ!

[የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።]

ክንዴ፦ መጡ! እንየው፣ ለስሜነሽ ትንፍሽ እንዳትል!

እንየው፦ እሽ። ግን ቤቱን ምን ነካው ብትለኝስ?

ክንዴ፦ አንተ ደደብ፣ አንድ ነገር ፈጥረህ አትናገርም? ዝም ብለህ...

እንየው፦ አትቆጣ፣ አገኘሁት! እኔ ሆዴ አልችል ብሎኝ ቤቱን ሳይከስል ከፈትሁት፤ ለዚህ ነው የሚያጨስ እላታለሁ።