የያንቶ ባዶ መስመር

(በዌልስ ኮረብታዎች መካከል የመጋቢት ገበያ ቀን ነው። ከመሣሪያ መሸጫው ሱቅ ፊት ለፊት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማለች። መሪውን የያዘው በግ አርቢው ኤምሪስ ነው፤ ያላነበብኩት ሕግ የለም ባይ። ውሻው ሜግ ከጎኑ ተንደላቅቃ ተቀምጣለች። ጎረቤቱ ያንቶ፣ መንደሩ ሁሉ “ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው” የሚለው፣ ከኋላ በመኖ ጆንያዎች መካከል ተሸጉጦ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይገምጣል።)

ያንቶ፦ እኔ እኮ ሰው ነኝ።

ኤምሪስ፦ አይደለህም ያለህ ማነው?

ያንቶ፦ ታዲያ ለምንድነው ውሻ ከፊት፣ ሰው ከኋላ የሚቀመጠው?

ኤምሪስ፦ ሜግ በጎቼን ትጠብቃለች። አንተ ምኔን ትጠብቃለህ?

ያንቶ፦ (አስቦ) ወረፋዬን።

ኤምሪስ፦ እንግዲያው ጠብቅ! ገብቼ እስክወጣ ደግሞ ዳቦውን እንዳትጨርሰው። አሮጌዋን ጠመንጃ ሰጥቼ አዲሷን ይዤ መምጣቴ ነው። ማክሰኞ በጎቹ መውለድ ይጀምራሉ። አምና ቀበሮ አሥራ አንድ ግልገል በልቶብኛል፤ ዘንድሮ አንዷንም አይቀምሳትም!

ያንቶ፦ አሮጌዋ በጥይት ልክ ሁለት ሃያ ሁለት ናት አይደል?

ኤምሪስ፦ ናት።

ያንቶ፦ አዲሷስ?

ኤምሪስ፦ ሁለት ሃያ ሦስት።

ያንቶ፦ ፈቃድህ ላይ የተጻፈው የጥይት ልክ የትኛው ነው?

ኤምሪስ፦ ሁለት ሃያ ሁለት።

ያንቶ፦ ታዲያ…

ኤምሪስ፦ አንተ ሰውዬ፣ ልዩነቱ አንድ ቁጥር ነው! ጥይቶቹን ጎን ለጎን ብታስተኛቸው የወለደቻቸው እናት አትለያቸውም።

ያንቶ፦ ያንተን ቤትና የእኔን ቤትም የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። እኔ ግን አንተ አልጋ ላይ አልተኛም።

ኤምሪስ፦ ሂድ ወዲያ! ጠመንጃና አልጋ ምን አገናኛቸው? የሕግ ቁም ነገሩ መንፈሱ ነው። ፖሊስ የፈቀደልኝ አንድ ጠመንጃ ነው። አንድ እሰጣለሁ፣ አንድ እወስዳለሁ። አንድ ተቀንሶ አንድ ሲደመር ምን ይቀየራል?

ያንቶ፦ ከተቀነሰ በኋላ ባለሱቁ አልደምርም ቢልህስ?

ኤምሪስ፦ አይ ያንቶ! ጭንቅላት የተሰጠህ ለባርኔጣ ማስቀመጫ ነው።

(የአሮጌዋን ጠመንጃ ረጅም ቦርሳ ይዞ ገባ። ያንቶ ከዳቦው ቆርሶ ለሜግ ወረወረላት። ነገሩ አልተዋጠለትም። አምና እነዚያን አሥራ አንድ ግልገሎች ሲቀብሩ አካፋውን የያዘው እሱ ነበር፤ ያን ቀን ኤምሪስ አንድም ሕግ አልጠቀሰም። ከሱቁ ውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ ኤምሪስ ባዶ እጁን ወጥቶ የመኪናውን በር ድርግም አደረገ።)

ያንቶ፦ አዲሷስ?

ኤምሪስ፦ አልሸጥም አለኝ! ይሄ መነጽራም ባለሱቅ! “ወረቀትህ ላይ ሁለት ሃያ ሦስት የሚል የለም” ይለኛል። እኔን!

ያንቶ፦ ምንም አይደል፤ ያቺ አሮጌዋም ቀበሮ ትጥላለች። የት አለች?

ኤምሪስ፦ (መሪውን እያሻሸ) ውስጥ ናት።

ያንቶ፦ አምጣትና እንሂድ።

ኤምሪስ፦ ሸጫታለሁ።

ያንቶ፦ ምን? መቼ?

ኤምሪስ፦ ገና እንደገባሁ። “አሮጌዋን ከወረቀቴ ሰርዝ፣ ቦታ ይለቀቅ” አልኩት። “አዲሷን ሳናይ? እርግጠኛ ነህ?” አለኝ። “እኔን ሕግ አታስተምረኝ፣ የታዘዝከውን ሥራ!” አልኩት። ሠራ።

ያንቶ፦ መልሰህ ግዛታ!

ኤምሪስ፦ አይቻልማ!

ያንቶ፦ የገዛ ጠመንጃህን?

ኤምሪስ፦ ወረቀቱ ያለኝን እንድይዝ እንጂ ሌላ እንድገዛ አይልም። አንዴ ከተሰረዘች ባዕድ ናት አለኝ። “ማመልከቻ አስገባ፣ አዲስ መስመር ይጻፍልህ፤ ስምንት ሳምንት ይፈጃል።”

ያንቶ፦ ስምንት ሳምንት! ማክሰኞ እኮ…

ኤምሪስ፦ ማክሰኞ መሆኑን አውቃለሁ! (ድምፁ ሰለለ) ያንቶ፣ ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ በጎቹን መሸጤ ነው። አለቀልኝ።

(ያንቶ የእጁን ፍርፋሪ አራገፈ።)

ያንቶ፦ እኔ ገባ ልበል?

ኤምሪስ፦ ገብተህ ምን ልታደርግ? ልታለቅስለት?

ያንቶ፦ ካቻምና ከፖሊስ ጣቢያ ፈቃዳችንን ሊያድስ የመጣው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? አንተ ቤት ሻይ ይዞ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሕግ ያስተማርከው?

ኤምሪስ፦ እንዴት ይረሳኛል! “የያዝኩትን ብቻ ጻፍ፤ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ባዶ መስመር አይለምንም” አልኩት።

ያንቶ፦ እኔ ቤት ሲመጣ ግን ምን ላስተምረው? “እኔ አላውቅም፤ ለቀበሮ የሚሆነውን አንተው ጻፍልኝ” አልኩት። ፈቃዴ ላይ፣ ከጥንቸል መምቻ ጠመንጃዬ ሥር አንድ መስመር ጨመረልኝ። “ሁለት ሃያ ሁለት፣ አንድ፣ መግዛት ይችላል” ትላለች፤ እስካሁን ምንም አልገዛሁባትም።

ኤምሪስ፦ (ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ) ያቺ… ያቺ ባዶ መስመር?

ያንቶ፦ አዎ፣ “ፈረስ የሌለው ኮርቻ” እያልክ የምትስቅባት።

(ያንቶ ከጆንያዎቹ መካከል እየተንፏቀቀ ወርዶ ፈቃዱን ከኪሱ እያወጣ ገባ። ኤምሪስና ሜግ የሱቁን በር እያዩ ቀሩ። ያንቶ ሲወጣ ረጅም ቦርሳ ይዟል። ኤምሪስ ቦርሳውን ገና ከሩቅ አወቀው፤ የራሱ ነበር።)

ኤምሪስ፦ እሰይ ወንድሜ! ወዲህ በላት! ማክሰኞ ጠዋት ከጉብታው ሥር አደፍጥና…

ያንቶ፦ እንዴ! ወረቀቱ የሚያውቀው እኮ የእኔን ስም ነው። ማድፈጥ ከሆነ የማደፍጠው እኔ ነኝ።

ኤምሪስ፦ ይሁን፣ አንተው ና! መቼም በሬን ዘግቼብህ አላውቅም።

ያንቶ፦ ወረቀቴ “ባለመሬቱ በፈቀደበት መሬት” ይላል። ጻፍልኝ።

ኤምሪስ፦ ሠላሳ ዓመት የተጎራበትን ሰዎች ለመተማመን ወረቀት?

ያንቶ፦ ይሄ መንፈስ የምትለው ነገር ለእኔ አይታየኝም። እኔ የማየው የተጻፈውን ነው።

(ኤምሪስ ጥርሱን ነክሶ የዳቦውን መጠቅለያ ወረቀት ከጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ያንቶ እስክሪብቶ ከሱቁ ተውሶ መጥቷል፤ አስቀድሞ አስቦበት ነበር ማለት ነው።)

ኤምሪስ፦ (እየጻፈ) “ያንቶ በመሬቴ ላይ እንዲተኩስ ፈቅጃለሁ።”

ያንቶ፦ ምን ላይ? በጎችህን ብመታልህስ?

ኤምሪስ፦ “…ቀበሮ ላይ ብቻ እንዲተኩስ…” በቃህ?

ያንቶ፦ ጨምር። “ሲሄድም ሲመለስም ከፊት ይቀመጣል።”

ኤምሪስ፦ ይሄንን ፖሊስ ምን አገባው?

ያንቶ፦ (የቦርሳውን ዚፕ እየነካካ) ስምንት ሳምንት ግን ረጅም ነው፣ አይደል?

ኤምሪስ፦ (ጻፈ) ሜግ! ወደ ኋላ!

(ሜግ ጌታዋን አየች፣ ያንቶን አየች፤ ከዚያ ዳቦ የወረወረላት ማን እንደሆነ ትዝ ብሏት ይሁን አይታወቅም፣ ሳታጉረመርም ወደ ጆንያዎቹ ዘለለች። ያንቶ ከፊት ተቀመጠና እግሮቹን ዘረጋ። ደስ ብሎታል፤ አልደበቀውም።)

ኤምሪስ፦ አሁንስ ልፈርም?

ያንቶ፦ ቆይ! ከፊርማህ በላይ አንዲት ባዶ መስመር ተውልኝ።

ኤምሪስ፦ ለምንህ?

ያንቶ፦ እኔ አላውቅም።